ወርቅ የቀየሰው መንገድ፦ የአላስካ መንገዶች ኮሚሽን ታሪክ

ማዕድን አገር ይከፍታል ይባላል። ወርቅ ሲገኝ ሰው ይጎርፋል፣ ሰው ሲጎርፍ መንግሥት መንገድ ያወጣል፣ መንገዱን ተከትለው ገበያና ከተማ ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ወርቁ ቢያልቅም አገሩ ተከፍቶ ይቀራል። ይህ እምነት በብዙ አህጉር የመንገድ በጀት ሲያስጸድቅ ኖሯል። እውነትነቱን ለመመዘን የአንድን መሥሪያ ቤት ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት መከተል ይጠቅማል፤ ለዚህም የአላስካ መንገዶች ኮሚሽን ምቹ ምሳሌ ነው። አሜሪካ አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛችው በ1867 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ግዛቲቱ እስከ 1959 ድረስ ከዋሽንግተን የምትተዳደር ዳር አገር ነበረች። ገዥዋን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ከ1906 ጀምሮ ወደ ኮንግረስ የምትልከው ተወካይም ይናገር ነበር እንጂ ድምፅ አይሰጥም ነበር። በዚህች ዳር አገር ከ1905 እስከ 1956 ድረስ መንገድ የመሥራቱ ኃላፊነት በአመዛኙ የወደቀው በዚህ አንድ ኮሚሽን ላይ ነው። የሃምሳ ዓመት ሥራው የሚያሳየው ማዕድን የመንግሥትን ካዝና በፍጥነት እንደሚከፍት ነው። አገር መክፈት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬም ድረስ የቆዩት የኮሚሽኑ መንገዶች ከወርቁ ሌላ ምክንያት የነበራቸው ናቸው።

በ1896 በካናዳ ክሎንዳይክ ወርቅ ሲገኝ በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ወደ ሰሜን ነጎዱ። ብዙዎቹ የካናዳን ድንበር ሳይረግጡ የሚያደርስ መንገድ ፈልገው ነበርና ቫልዴዝ በተባለው፣ ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆነ ወደብ ወርደው ከወደቡ ጀርባ ያለውን የበረዶ ግግር በእግራቸው ለመሻገር ሞከሩ። ብዙዎች በስከርቪ በሽታና በብርድ አለቁ። በ1899 ካፒቴን ዊልያም አበርክሮምቢ የጦር ሠራዊቱን ይዞ መጥቶ በኪስቶን ሸለቆ በኩል በዩኮን ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ኢግል የሚደርስ የፈረስ መንገድ ማውጣት ጀመረ። የሠራዊቱ የቴሌግራፍ መስመርም ይህንኑ አቅጣጫ ተከተለ። በዚህ መሀል ወርቁ ቦታውን ለወጠ፤ በ1898 በምዕራብ ጠረፍ በኖም ተገኘ፣ በ1902 ደግሞ ጣሊያናዊው ስደተኛ ፌሊክስ ፔድሮ ዛሬ ፌርባንክስ ባለችበት አካባቢ አገኘ። የፌርባንክስ ዱቄትና ብረት ከሲያትል ተጭኖ በባሕር እስከ ሴንት ማይክል፣ ከዚያ በዩኮንና በታናና ወንዞች በእንፋሎት መርከብ ይጓዝ ነበር። ወንዙ ከበረዶ ነፃ የሚሆነው ግን በዓመት አራት ወር ያህል ነው። ከወንዙ ወደብ እስከ ጉድጓዱ ያለው የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ደግሞ ጭቃ ስለሆነ ለጭነቱ የሚከፈለው ከባሕሩ ጉዞ ይብስ ነበር። በ1903 ከሴኔቱ የተላከ ንዑስ ኮሚቴ አገሩን ዞሮ ካየ በኋላ የአላስካ ዋና ችግር የመጓጓዣ እጦት መሆኑን ለኮንግረስ አስታወቀ። ቆፋሪዎቹ፣ ነጋዴዎቹና ሠራዊቱ የተስማሙበት ጉዳይ ይህ ነበር።

መልሱ የጥር 1905 ሕግ ሆነ። ሕጉ ሦስት የጦር መኮንኖች ያሉበት የመንገድ ቦርድ፣ ማለትም ኮሚሽኑን፣ አቋቋመ፤ ገንዘቡንም ከየት እንደሚያገኝ ወሰነ። ማዘጋጃ ቤት ከሌላቸው ሰፈሮች ከሚሰበሰበው የንግድና የሥራ ፈቃድ ግብር «የአላስካ ፈንድ» የሚባል ተቋቋመ፤ ከዚህም ሰባ በመቶው ለመንገድ፣ ሃያ አምስት በመቶው ለትምህርት ቤት፣ አምስት በመቶው ለአእምሮ ሕሙማን ተመደበ። ስለ ሥራው ወሰንም ግልጽ ቃል አለው፤ ቦርዱ መርከብ ከሚደርስበት ውኃ ዳር ወደ ከተማ፣ ወደ ማዕድን ሰፈር ወይም ወደ ሌላ የሥራ ሰፈር፣ እንዲሁም በእነዚህ መካከል የጋሪና የጭነት እንስሳ መንገድ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ ለአገሩ ልማት ዘላቂ ጥቅም የሚሰጥ መሆን አለበት፣ ፈጽሞ ጊዜያዊ ለሆነ ሰፈርም መሠራት የለበትም። እዚህ ላይ ሕግ አውጪዎቹ የሚመሰገኑበት ነገር አለ፤ የወርቅ ሰፈር የወረት ሰፈር መሆኑን አስቀድመው አውቀዋል። ነገር ግን በአንድ እጃቸው ዘላቂነትን ሲያዝዙ በሌላው እጃቸው የኮሚሽኑን ገቢ ከዚያው ከወረት ሰፈር ንግድ ጋር አሰሩት። መጠጥ ቤቱ፣ ሱቁና የወርቅ ማጠቢያው ሲበዛ የመንገድ ገንዘብ ይበዛል፤ ሰፈሩ ሲበተን የጥገናው ገንዘብ አብሮ ይበተናል። የኮሚሽኑ የዕድሜ ልክ ችግር በዚህ አንድ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሜጀር ዋይልድስ ሪቻርድሰን አላስካን ከ1897 ጀምሮ የሚያውቅ መኮንን ሲሆን እስከ 1917 ድረስ መሥሪያ ቤቱን መራ። በእጁ የነበረው ገንዘብ ጥቂት፣ አገሩ ግን ከኢትዮጵያ የሚበልጥ ስፋት ያለው ነበርና ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፈለው። ጭነት በሚበዛበት የጋሪ መንገድ፣ ጭነት በሚያንስበት በብርዱ ወራት ብቻ የሚያገለግል የበረዶ ተንሸራታች መንገድ፣ ሰው በሚያልፍበት ደግሞ ቀጭን የእግርና የውሻ መንገድ ይወጣል። ይህ ክፍፍል ከአገሩ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነበር። በብርዱ ወራት ረግረጉና ወንዙ በበረዶ ጠጥሮ እንደ ጠረጴዛ ስለሚሆን ያለ ድልድይና ያለ ቁፋሮ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ዛፍ በሌለበት በኖም አካባቢ ኮሚሽኑ ካስማ ላይ ባንዲራ እያሰረ በውሽንፍር ለሚሄዱት መንገዱን አመላከተ። በሙቀቱ ወራት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከሥር ያለው አፈር ከጥንት ጀምሮ የረጋ በረዶ ነው፤ ላዩን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው የመሬት ሽበት (ሞስ) ሲገፈፍ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይቀልጣል፣ መንገዱ ወደ ረግረግ ይለወጣል። መሐንዲሶቹ በሌላ አገር የተማሩት የመጀመሪያ ሥራ፣ ማለትም መሬቱን ጠርጎ መደልደል፣ እዚህ ጥፋት መሆኑን በኪሳራ ተማሩ፤ ሽበቱን ሳይነኩ ግንድና ጭራሮ ረብርበው ከላዩ ጠጠር ማልበስ ጀመሩ። ከቫልዴዝ ፌርባንክስ ያለው ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር በዚህ አሠራር በ1910 ገደማ ለጋሪ ተከፈተ። በ1913 ቦቢ ሼልደን የተባለ ሰው ከፌርባንክስ ተነሥቶ በፎርድ መኪና ቫልዴዝ ገባ። መንገዱም ኋላ በሪቻርድሰን ስም ተጠራ።

የምህንድስናው ችሎታ አጠያያቂ አይደለም። ጥያቄው መንገዱ ወዴት ይሂድ የሚለው ሲነሣ ኮሚሽኑ ምን ይቆጥር ነበር የሚለው ነው። ለዋሽንግተን በሚያቀርበው ሪፖርት ሥራውን የሚያስረዳው በዋናነት በተሠራው ማይልና መንገዱ ከጭነት ዋጋ ባተረፈው ገንዘብ ነበር። ይህ ስሌት ዛሬ ሠርቶ ነገ ለሚፈርስ ሰፈር የሚያደላ ነው፤ ምክንያቱም ከፍተኛው ቁጠባ የሚታየው ሰው በብዛት በተሰበሰበበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የኢዲታሮድን መስመር እንውሰድ። በ1908 መጀመሪያ ሪቻርድሰን ዋልተር ጉድዊን የተባለውን ሰው ከሴዋርድ ወደብ እስከ ኖም ያለውን መስመር እንዲያጠና ላከው። ጉድዊን ተመልሶ መንገዱ የሚያዋጣው የማዕድን እንቅስቃሴ ካለ ብቻ ነው አለ። በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ የገና ዕለት በኢዲታሮድ ወንዝ አቅራቢያ ወርቅ ተገኘ፤ በ1910 እና በ1911 የጉድዊን ቡድን መንገዱን ጠርጎና ምልክት አድርጎ አወጣው። ያው መልክዓ ምድር፣ ያው መንደር፣ ያው ፖስታ ነበር፤ ውሳኔውን የለወጠው ወርቁ ነው። የኢዲታሮድ ከተማ ግን በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወና ሆነች። ፌርባንክስ ራሷ በ1909 ከአካባቢዋ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ ከታጠበባት በኋላ ደለሉ እየሳሳ ሄደ፤ በ1910 ቆጠራ 3,541 የነበረው ሕዝቧ በ1920 ወደ 1,155 ወረደ። የመላው አላስካ ሕዝብም በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ከ64 ሺህ ወደ 55 ሺህ ቀነሰ። ኮሚሽኑ በዚህ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ማይል መንገድና ቀጭን መንገድ በእጁ ነበረው፤ ለብዙው ተጓዥ ሲጠፋ የጥገናው ዕዳ ቀረ።

ስሌቱ የማያየው ሌላም ነገር ነበር። በ1910 ቆጠራ ከአላስካ ነዋሪዎች ከ25 ሺህ በላይ የሚሆኑት የአገሩ ጥንት ሕዝቦች ነበሩ። ከቫልዴዝ በስተሰሜን ያለው መስመር የሚያልፈው በአህትና ሕዝብ ምድር ሲሆን ወታደሮቹና ወርቅ ፈላጊዎቹ በብዙ ቦታ የተከተሉት የእነርሱን የአደንና የንግድ ዱካ ነው። ነገር ግን ከመንደር ወደ መንደር፣ ከዓሣ ማጥመጃ ወደ አደን ቦታ የሚደረግ ጉዞ የሚከፈልበት ጭነት ስላልሆነ በቁጠባው ሰንጠረዥ ላይ ቦታ አልነበረውም። ይህ የአንድ መሐንዲስ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። ኮሚሽኑን የፈጠረው ያው የ1905 ሕግ በፈንዱ የሚደገፉትን ትምህርት ቤቶች ለነጮችና «የሠለጠነ ኑሮ ለሚኖሩ» ቅልቅል ልጆች ወስኖ የቀሩትን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ልኳቸዋል። መንገዱና ትምህርት ቤቱ ከአንድ ቋት የሚጠጡ ነበሩና የተጠቃሚው ማንነት በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ ተጽፏል። በሐምሌ 1915 የታናና ሸለቆ አለቆች ፌርባንክስ ላይ በኮንግረስ የአላስካ ተወካይ ከነበረው ከጄምስ ዊከርሻም ጋር ተሰብስበው ባቡርና ሰፋሪ ሲመጣ መሬታቸው ምን እንደሚሆን ጠየቁ። የመሬት ጥያቄው በሕግ እልባት ያገኘው በ1971 ነው፤ ይኸውም ኮሚሽኑ ከከሰመ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለዚህ ክርክር ጠንካራ መልስ አለ። በአንድ ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ስልሳ ሺህ ሰው በተበተነበት አገር ወርቅ ባይኖር አንድም መንገድ አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ ኮሚሽኑን ወርቅ ተከተልክ ብሎ መውቀስ እንጀራ የሰጠህን እጅ ለምን ያዝህ እንደማለት ነው፤ ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ዶላር ያመጣው ወርቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ማዕድን በራሱ ኃይል ምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ አላስካ ውስጥ ማየት ይቻላል። የጉገንሃይምና የሞርጋን ባለሀብቶች ለኬኔኮት መዳብ ከ1907 እስከ 1911 ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ በራሳቸው ገንዘብ ዘርግተዋል። መዳቡ በአንድ ተራራ ላይ የተከማቸ፣ ትርፉም የታወቀ ስለነበር አዋጣቸው፤ በ1938 ማዕድኑ ሲያልቅ ሐዲዱንም ትተውት ሄዱ። ኩባንያ ሲሆን ይህ ተገቢ ስሌት ነው። የደለል ወርቅ ግን በመቶ ጅረት ላይ የተበተነ፣ የመቶ ትንንሽ ሰው ሥራ ስለሆነ አንድም ኩባንያ መንገድ ሊሠራለት አይፈልግም፤ ለዚህ ነበር የሕዝብ ኮሚሽን ያስፈለገው። የሕዝብ መሥሪያ ቤት ከኩባንያው የሚለየው ደግሞ ከዛሬው ጭነት አሻግሮ ማየት በመቻሉ ነው። ሕጉም ይህን አዝዞት ነበር። ኮሚሽኑ በገቢው አወቃቀር ምክንያት እንደ ኩባንያ ሲያሰላ ልዩነቱ ጠፋ።

ሁለተኛው መልስ ከውጤቱ ይነሣል። የሪቻርድሰን መንገድ ዛሬም የሚነዳበት አውራ ጎዳና ነው። የኢዲታሮድ መስመርም ወርቁ ካለቀ በኋላ ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ በ1925 ኖም ውስጥ ዲፍቴሪያ ሲገባ ሃያ የውሻ ነጂዎች ከኔናና ተነሥተው መድኃኒቱን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያደረሱት የተወሰነውን ርቀት በዚሁ መስመር ተጉዘው ነው። ታዲያ ማዕድኑ የጀመረውን ሕዝቡ አልወረሰም? ወርሷል፤ ነገር ግን የወረሰውን መለየት ያስፈልጋል። ከቫልዴዝ ወደ አገሩ መሀል የሚገባው የመስመሩ ክፍል የተቀየሰው የፌርባንክስ ወርቅ ከመገኘቱ በፊት ነው፤ ክፍት ወደብን ከአገሩ መሀል፣ የጦር ሰፈርን ከቴሌግራፍ ጣቢያ የሚያገናኝ ነበር። ወርቁ ወደ ፌርባንክስ አዞረው፣ የጋሪ መንገድ እንዲሆንም አፋጠነው፤ መነሻውን ግን የመረጠለት ሌላ ነው። በአንጻሩ ለአንድ ጅረት ብቻ የወጡት ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ጅረቱን ተከትለው ጠፉ። የካንቲሽና የወርቅ ሰፈር ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። በ1905 በሺዎች የሚቆጠሩ ወርቅ ፈላጊዎች ወደዚያ ወረዱ፣ በዓመቱ ተበተኑ፤ ኮሚሽኑ መንገዱን እዚያ ያደረሰው በ1938 ነው፣ ያውም ለጎብኚዎች ሲባል በብሔራዊ ፓርኩ በጀት። የዛሬው የዴናሊ ፓርክ መንገድ ያ ነው። ወርቁ ሠላሳ ሦስት ዓመት ማምጣት ያልቻለውን በ1916 የተቋቋመው የፓርክ አገልግሎት አመጣው።

ሦስተኛው መልስ ጥፋቱን ወደ ዋሽንግተን ይመልሰዋል። ኮሚሽኑ ምን ያድርግ? የፈቃድ ግብሩ ስላልበቃው በየዓመቱ ኮንግረስን መለመን ነበረበት፤ ልመናውም የሚሰማው ከጦር ሚኒስቴር በጀት ሥር «ወታደራዊና የፖስታ መንገድ» ተብሎ ሲቀርብ ነው። በ1916 ለክፍላተ ሀገሩ በሙሉ የወጣው የፌዴራል የመንገድ ድጎማ ሕግ አላስካን አልጨመረም፤ እስከ 1956 ድረስ። ከ1939 እስከ 1953 ገዥ የነበረው ኧርነስት ግሩኒንግ የአላስካን አያያዝ ቅኝ አገዛዝ ብሎ ሲጠራ ከሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር። ይህን መልስ እቀበላለሁ፤ ክርክሩንም ያጠናክረዋል። መንገድ ሠሪው ለሚኖርበት ሕዝብ ሳይሆን ለሩቅ አለቃ ሲጠየቅ ካርታው የአለቃውን ፍላጎት ይከተላል። በ1932 ኮሚሽኑ ከጦር ሚኒስቴር ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲዛወር የሆነው ይመሰክራል። ያ ሚኒስቴር በ1923 የተጠናቀቀው የመንግሥት ባቡርም ባለቤት ነበርና ሐዲዱ ከጭነት መኪናዎች ፉክክር እንዲድን ተፈለገ። ስለዚህ ኮሚሽኑ በራሱ መንገድ ላይ፣ በታናና ወንዝ መሻገሪያ፣ በጭነት ክብደት የሚከፈል ኬላ አቆመ። ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት ዋጋ መቀነሱን የስኬቱ መለኪያ አድርጎ ያቀረበ መሥሪያ ቤት አሁን የጭነት ዋጋ እንዲወደድ ታዘዘ። በ1940ዎቹ መግቢያ ሾፌሮቹ በኬላው ላይ አመፁ፤ ያለ ፈቃድ የራሳቸውን መሻገሪያ ጀልባ እስከማቆም ደረሱ። መንገዱ በእርግጥ ለአገሩ ሰዎች የተሠራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ አይኖረውም ነበር።

መጨረሻውን ያመጣው ወርቅ ሳይሆን ጦርነት ነው። ጃፓን ፐርል ሐርበርን ከመታች በኋላ በ1942 ከዐሥር ሺህ በላይ የሠራዊቱ ወታደሮች፣ ከነዚህም አንድ ሦስተኛ ገደማ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከካናዳ የሚነሣውንና ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአላስካ አውራ ጎዳና ከመጋቢት እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ጠረጉት። መንገዱ ከሪቻርድሰን መንገድ ጋር ሲገናኝ አላስካ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀረው አህጉር ጋር በመኪና ተያያዘች። ጦርነቱ ያመጣው ሰውና በጀት ከማዕድኑ በላይ ነበርና ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ያረጁ መስመሮችን አስፋልት የማልበስ ሥራ ላይ ዋለ። በ1956 ንብረቱና ሠራተኛው ወደ አሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ተዛወረ፤ ስሙም አብሮ ከሰመ። ይህ ቢሮ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1951፣ በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም.፣ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመውን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት የዚያው ቢሮ ባለሙያዎች ነበሩ። ጣሊያን ለወረራው የቀየሰውን የመንገድ መረብ ተረክበው መጠገን ዋና ሥራቸው ስለነበር፣ በሌላ ዓላማ የተሰመረ ካርታ መውረስ ምን ማለት እንደሆነ በሁለቱም አገር ገጥሟቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ማዕድን ባለበት አገር መንገድ አይሠራ የሚል አይደለም። የማዕድን ገንዘብ ፈጥኖ ስለሚመጣ መጠቀም ብልኅነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ መንገዱን ሲከፍል አቅጣጫውንም እንዲመርጥ ከተፈቀደለት የሚቀረው የወረት ሰፈርና የጥገና ዕዳ ነው። የ1905ቱ ሕግ ዘላቂነትን በቃል አዝዞ በገቢው ሻረው፤ ኮሚሽኑም ለሃምሳ ዓመት በሁለቱ መካከል ሲንገላታ ኖረ። ወደፊት ለማዕድን ሲባል መንገድ የሚያወጣ ማንኛውም መንግሥት የጥገናውን ገንዘብ ከማዕድኑ ዕድሜ ነጥሎ አስቀድሞ ቢመድብ፣ በስሌቱ ሰንጠረዥ ላይም ጭነት የሌላቸውን መንገደኞች ቢቆጥር፣ አላስካ በሃምሳ ዓመት የከፈለችውን ዋጋ በትንሹ ያተርፋል።